ሁለት ስንዝር የማይሞላ ቦታ

ሸፊ አናጢው አልጋ ያዘዘውን ሰው ሳያጋድም ምስማር አይመታም ነበር። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ከቁስቋም ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ያለችው የቆርቆሮ ሱቁ ፊቷ ክፍት ነው፤ ስለዚህ አልጋ ያማረው ሁሉ፣ ነጋዴም ይሁን አስተማሪ፣ በጠራራ ፀሐይ አላፊ አግዳሚው እያየው መሬት በተነጠፈ ጣውላ ላይ መንጋለል ነበረበት። ሸፊ ተንበርክኮ ከተረከዝ እስከ አናት፣ ከትከሻ እስከ ትከሻ በስንዝሩ ይለካዋል። ሜትር አጥቶ አይደለም፤ ሜትሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። «እሱ ለእንጨት ነው» ይላል፤ «ሰው በእጅ ነው የሚለካ።»

ሰፈርተኛው ይስቅበታል። «ሸፊ ዘንድ አልጋ ከምታዝ ዝም ብለህ መሬት ተኛ፤ እሱም መጀመሪያ መሬት ነው የሚያስተኛህ» ይባል ነበር። እየሳቀም ያዛል። የሸፊ አልጋ ሃያ ዓመት ቢተኙበት ሲጢጥ አይልማ!

ትውልዱ ስልጤ ነው። ወጣት ሆኖ አዲስ አበባ መጣና ሙያውን ከጣልያኖች በተማረ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ስድስት ዓመት መላጊያ ሲገፋ ቆይቶ፣ ጉለሌ ላይ የራሱን ሱቅ ከፈተ። አይሻን አገባ፤ ሙኒያን ወለዱ። ለእስላሙም ለክርስቲያኑም ይሠራል። በእሱ ሃይማኖት ሬሳ በከፈን ተጠቅልሎ ነው የሚቀበረው፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቹ ግን ሣጥን ይሻሉ፣ ሸፊም ይሠራላቸዋል። እዚያም ላይ ደንቡን አይሽርም፤ ለቅሶ ቤት ሄዶ ሟቹን በስንዝሩ ይለካል። መዘዙ የመጣበትም በዚሁ ደንቡ ነው።

በ1970 ዓ.ም. ጥር ላይ እትዬ አጸደ ወደ ሱቁ መጡ። እትዬ አጸደ በሰፈሩ ትምህርት ቤት በጽዳት ሥራ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። አንድያ ልጃቸው አማን ከሦስት ቀን በፊት ከቤት ተወስዶ ተገድሏል። ዘመኑ ቀይ ሽብር ነው፤ ማልቀስ ክልክል፣ ድንኳን መትከል ክልክል። አስከሬኑን እንኳ ያገኙት በስንት ልመና ነው።

«ሣጥን ሥራልኝ» አሉት።

«መጥቼ ልለካው?»

«እንዳትመጣ! ቤቱን ይጠብቁታል። አንተን ያክላል በቃ።»

ሸፊ የሱቁን በር ዘጋ። ጣውላውን አነጠፈና በአማን ፈንታ ራሱ ተጋደመበት። እትዬ አጸደ ከራስጌው ቆመው አዩት፤ እንባ የለም፣ ድምፅ የለም። «ትንሽ ያጥርበታል» አሉ። አራት ጣት ጨመረ።

በሳምንቱ ተያዘ። ለሞተ ልጅ ሣጥን ሠራ ብሎ መጻፍ ግን የቀበሌውን ጸሐፊም ሳያሳፍረው አልቀረም፤ መዝገቡ ላይ የሰፈረው «የሕዝብ ንብረት የሆነ ጣውላ መስረቅ» የሚል ነው። አሥራ አንድ ወር በቀበሌው አዳራሽ ታሰረ። ሲፈታ አንድ ወረቀት ላይ አስፈረሙት፤ ያየውንም የሰማውንም ለማንም ላይናገር። ቢናገር ዋስ የሆነው የሚስቱ ወንድም በእሱ ፈንታ ይገባል። ሰኞ ሰኞም ቀበሌ እየሄደ ይፈርማል።

ይህ ሁሉ ይቻላል። ሸፊን ያቃጠለው የሙኒያ ነገር ነው። ልጅቷ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አባቷ በታሰረበት ወራት ሁሉ በትምህርት ቤት መንገድ «የሌባ ልጅ» ሲሏት ኖረች። እሱ የተፈታ ሰሞን አንድ ጊዜ ጠየቀችው።

«አባ፣ እውነት ጣውላውን ወስደሃል?»

ሸፊ ምስማሩን በከንፈሩ እንደያዘ ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። እኔ እንጃ፤ ይህኛው ዝምታ ነቅዟል። ሙኒያ ዝምታውን ጥፋቱን እንደ ማመን ቆጠረችውና ከዚያ ወዲያ በሱቁ በኩል ማለፍ ተወች፤ ትምህርት ቤት የምትሄደው በታችኛው መንገድ፣ በወንዙ ዞራ ነው። ብትታዘበው አይፈረድባትም፤ ልጅ ናት።

ቤታቸው ውስጥ የምትተኛው ቆጥ ላይ፣ ከጆንያና ከአሮጌ ሣጥን ጋር ተጣብቃ ነበር። ሸፊ አልጋ ሊሠራላት ጥሩ ጥሩ ጣውላ መርጦ ከበሩ ጀርባ አቆመ። «ነይ ሱቅ ተጋደሚና ልለካሽ» አላት።

«አልፈልግም!» አለች። «ሰው እያየኝ? ሌባው ልጁን ሊለካት ነው እንዲሉኝ?»

በግምት ሊሠራላት ይችል ነበር። የልጁን ቁመት የማያውቅ አባት አለ? ግን በግምት የተሠራ አልጋ ላይ የምትተኛው ልጅ እስከ መቼም የሌባ ልጅ እንደሆነች ነው የምትቀረው። በዓይኑ እያየ በሰው ፊት ካልተጋደመችለት አልጋው አልጋ አይሆንለትም። ጣውላው ከበሩ ጀርባ ዓመት ከሦስት ወር ቆመ።

በ1972 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ነው መምህርት ሠርካዲስ ወደ ሱቁ ብቅ ያለችው። የሙኒያ የታሪክ አስተማሪ ናት። ጴንጤ ናት እየተባለ ይወራባታል፤ ጸሎት ቤታቸው ታሽጎባቸው ሰው ቤት እየተሰበሰቡ በሹክሹክታ እንደሚዘምሩ ሰፈሩ ያውቃል። ደፋር አይደለችም። ነገር ግን የጀመረችውን አትተውም።

«ጋሽ ሸፊ፣ መርከብ ይሠሩልኛል?»

ሸፊ ወደ እንጦጦ ቀና ብሎ አየ። «መምህርት፣ እዚህ ተራራ ሥር መርከብ ምን ሊሆንልዎት?»

ሳቀች። «ሙሉውን አይደለም። ሆዱን ብቻ።»

ከአሮጌ መጽሐፍ በእርሳስ የገለበጠችውን ሥዕል ዘረጋችለት። መርከቡ ከላይ ሲታይ ነው። ውስጡ እንደ ክብሪት እንጨት የተደረደሩ ጥቃቅን መስመሮች ሞልተውታል።

«ይሄ ምን ጭነት ነው?» አላት።

«ሰው ነው።»

ሸፊ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠጋ። መስመሮቹ ራስና እግር አላቸው። ሠርካዲስ ነገረችው። ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ሰው እየገዙና እየዘረፉ በመርከብ ጭነው፣ አትላንቲክ የሚባለውን ውቅያኖስ አሻግረው በአሜሪካ ለሸንኮራና ለጥጥ እርሻ ይሸጡ ነበር፤ ለአራት መቶ ዓመት ያህል። «ተማሪዎቼ ባሕር አይተው አያውቁም» አለችው። «ብዙ ሰው ታጭቆ ተጫነ ስላቸው ‹እንደ ሽሮ ሜዳ አውቶቡስ?› ይሉኛል። እኔ ቃል አለቀብኝ፤ የርስዎን እጅ ፈልጌ ነው። በልኩ ይሥሩልኝና ይጋደሙበት።»

ልኩን ጻፈችለት፤ በመርከቡ ወለልና ጣሪያ መካከል ሌላ ቆጥ ይረበረባል፣ ከቆጡ በላይ አንድ ረድፍ ሰው፣ ከሥሩም አንድ ረድፍ። ከወለሉ እስከ ቆጡ ሰማንያ ሳንቲሜትር። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ወርድ አርባ ሳንቲሜትር።

ሸፊ መዳፉን ወረቀቱ ላይ ዘረጋ። «ሁለት ስንዝር አይሞላም» አለ። እጁን ከዚያ አላነሣም። ይህን ወርድ በእጁ ሳይሆን በጎኑ ያውቀዋል።

«ሥዕሉ ግን ተሳስቷል፤ በጀርባቸው ነው ያስተኛቸው። የአዋቂ ትከሻ ከዚህ ይበልጣል። በዚህ ወርድ የሚተኛው በጎን ነው።»

«በምን ያውቃሉ?»

«አናጢ አይደለሁም እንዴ!» አለ ቶሎ ብሎ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣበትና ድምፁ ተለወጠ። «ይህን ቆጥ የሠራው ማነው?»

«መርከቡ አናጢ ነበረው። ወደ አፍሪካ ሲጓዙ በመንገድ ላይ እየረበረበ ይሄዳል፤ ሲደርሱ ዝግጁ ነው።»

«ማንንም ሳያጋድም?»

«ማንንም ሳያጋድም ጋሽ ሸፊ። ልኩን ሌላ ሰው ነው በወረቀት የሚሰጠው።»

ሸፊ ንድድ አለው። ስንት ነገር ችሎ ዝም ያለ ሰው በማያውቀው፣ ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ባለፈው አናጢ ተናደደ። እንደርሱ መላጊያ ገፍቶ፣ እንደርሱ ምስማር በከንፈሩ ይዞ፣ ገና ያልመጡ ሰዎችን በወረቀት ለካቸው!

«ማን ፈቀደልዎት?» አላት።

«ጓድ ቱሉ። ‹የካፒታሊዝም አመጣጥ በተግባር› ብሎ ፈርሞበታል። ራሱም መጥቶ ያያል።»

ቱሉ የቀበሌው የቅስቀሳ ኃላፊ ነው። ሸፊ ታስሮ ሳለ የአዳራሹን ቁልፍ በወገቡ የሚያንጠለጥለው እሱ ነበር። ሸፊ ዋሱን አሰበ፤ የሰኞውን ፊርማ አሰበ። መጋዙን አስቀመጠ፣ ደግሞ አነሣው።

«እሠራለሁ» አለ። «ግን ደንቤን ያውቁታል። ሳላጋድም አልመታም።»

ቆጡን በአሥር ቀን ጨረሰው፤ ለሥሩ ስምንት ሰው፣ ለላዩ ስምንት ሰው። ጣውላው የራሱ ነው፤ ለሙኒያ አልጋ የተባለውንም ከበሩ ጀርባ አንሥቶ ጨመረበት። አይሻ አይታው «የልጅህን ለባሕር ሰጠኸው?» ልትል አፏ ላይ ደርሶ ፊቱን ስታይ ተወችው። ዓርብ ጠዋት በስምንተኛ ለ ክፍል ውስጥ ገጣጠመው፤ የመጨረሻዎቹን ምስማሮች ብቻ ሰው እስኪጋደምበት አስቀረ።

ጓድ ቱሉ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ተቀመጠ። እትዬ አጸደ ኮሪደሩን እየጠረጉ በሩ ላይ ቆሙ። ሙኒያ ከሁሉ ኋላ በመስኮቱ በኩል ሆና አባቷን ላለማየት ውጭ ውጭውን ታያለች።

ሠርካዲስ ስምንት ልጆች ጠራች። እየተገፋፉ፣ እየሳቁ ከቆጡ ሥር ገቡና ክንዳቸውን ዘርግተው በጀርባቸው ተንጋለሉ። አምስቱ ሞሉት። ሦስቱ ቦታ አጥተው ቆሙ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«እንዲህ አይደለም» አለ ሸፊ።

መዶሻውን መሬት አኖረ። ኋላ ላይ የሆነውን ሁሉ ሲያስበው፣ ያን ጊዜ መመለስ ይችል እንደነበር ያውቃል። አልተመለሰም። ጎንበስ ብሎ ከቆጡ ሥር ገባና ግድግዳው ጥግ በቀኝ ጎኑ ተጋደመ፤ እጁን በደረቱ ላይ አጥፎ፣ ጉልበቱን ሰብሮ። «አንተ፣ ፊትህን ወደ እኔ ጀርባ። ጉልበትህ ከጉልበቴ ሥር ይግባ። ቀጥል። አንተም እንደሱ።» ሰባት ልጆች ተከትለውት ገቡ። ስምንተኛው ቦታ ላይ ደረሱ፤ ሁሉም ተጣብቀው በቁ። ሳቁ ቀነሰ።

«ስድስት ሳምንት» አለች ሠርካዲስ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ነፋስ እምቢ ካለ ሦስት ወር። ሁለት ሁለት ሰው በአንድ እግር ብረት ይቆራኛል፤ ብዙ ጊዜም አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም። አየሩ ጥሩ ሲሆን ወደ ላይ አውጥተው እየገረፉ ያስጨፍሯቸዋል፤ ሰውነታቸው ደርቆ ዋጋቸው እንዳይወድቅ። አልበላም ያለውን አፉን በብረት ፈልቅቀው ያጎርሱታል። ያም ሆኖ ተነሥተው ብረታቸውን የሰበሩ፣ መርከቡን የነጠቁ ነበሩ። ከአሥር ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው በዚህ መንገድ ተጋዘ። ከሰባቱ አንዱ ያህል ማዶውን አላየም።»

ከቆጡ ሥር አንዱ ልጅ «ትከሻዬ ደነዘዘ፣ ልዙር?» አለ።

«ብቻህን አትዞርም» አለው ሸፊ። «አንድ ሰው ብቻውን መዞር አይችልም። ጠብቅ።» ከኋላው ያለውን ልጅ ጭን ሁለቴ መታ አደረገ። «አሳልፍ። መጨረሻው ጋ ሲደርስ ሁላችንም አንድ ላይ።» ምቱ ከልጅ ወደ ልጅ ሄደ። «አሁን!»

ስምንቱም በአንድ ጊዜ ዞሩ። ጣውላው ሲጢጥ አላለም። በክፍሉ ውስጥ የሚስቅ ጠፋ።

ይህ በሠርካዲስ መጽሐፍ ውስጥ የለም። ጓድ ቱሉ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሣ። እሱ ይህን አዟዟር ያውቀዋል፤ እስረኞቹ ሲዞሩ በአዳራሹ መስኮት ስንት ጊዜ አይቷል።

«የሞቱትስ ቲቸር?» አለች ከፊት የተቀመጠች ልጅ። «የት ተቀበሩ?»

«አልተቀበሩም። ባሕር ውስጥ ነው የተጣሉት። ስማቸው እንኳ አልተጻፈም፤ ቁጥር ብቻ ነው።»

«ሣጥንም የለ?»

«ሣጥንማ ማን ይሰጣቸዋል ልጄ!» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። እትዬ አጸደ ናቸው። መጥረጊያውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ገቡ። «ለኔ ልጅ ግን ይሄ ሰው ሰጥቶታል። ልክ እንዲህ ነበር የተጋደመው። ለአማኔ ሣጥን ሊሠራ፣ በአማኔ ፈንታ ተጋደመ። ሌባ ያሉት ለዚህ ነው። ጣውላው የገዛ ራሱ ነው!»

«እትዬ አጸደ፣ ይህ ከትምህርቱ ጋር አይያያዝም» አለ ቱሉ ተነሥቶ።

«ዝም በለኝ አንተ ቱሉ! እኔ ፈርቼ ዝም አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህችን ልጅ የሌባ ልጅ እያሉ ሲያሳድዷት በዚህ መጥረጊያ እየጠረግኩ ዝም አልኩ። በቃኝ! ልትወስዱኝ ከሆነ ውሰዱኝ፤ የምሰስተው ልጅ የለኝም።»

«ይያያዛል ጓድ ቱሉ» አለች ሠርካዲስ። «ከትምህርቱ ጋር ይያያዛል።»

ሸፊ ከልጆቹ መካከል ለመውጣት ጊዜ ፈጀበት። ቀና ሲል መስኮቱ ጋ ማንም የለም። ሙኒያ ወጥታ ሄዳለች።

በዚያ ቀን ማንም አልተያዘም። ቱሉ ደብተሩን ዘግቶ፣ ማንንም ሳያይ «ትምህርቱ ግቡን መቷል። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ይፍረስ» ብሎ ወጣ። ሸፊ እንደሆነ አንዲት ነገር አልተነፈሰም፤ የፈረመባት ወረቀት እንዳለች ናት፤ የተናገሩት እትዬ አጸደ ናቸው።

ስድስት ሰዓት ላይ ይፍረስ ከተባለ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ቆሞ ነው ማለት ነው። ሠርካዲስ ቅዳሜ ጠዋት የቀሩትን የስምንተኛ ክፍል ልጆች ሁሉ ለጽዳት ዘመቻ ብላ ጠራቻቸው። መጥረጊያቸውን እየያዙ መጡ፤ ስምንት ስምንት እየሆኑ ገቡ። ሸፊ ጥግ ጥጉን ያሳያል፤ እትዬ አጸደ በር ላይ ቆመው ተራ ያስይዛሉ። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ያልተጋደመ ልጅ አልቀረም፤ ከሙኒያ በቀር። ዓርብ ማታ ቆጧ ላይ ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ነበር፤ እሱም አልቀሰቀሳትም።

ምስማሩን አንድ በአንድ ነቅሎ ቆጡን ፈታው። ጣውላዎቹን በገመድ አሰረና አንዱን ጫፍ አነሣ። ብቻውን የሚሸከመው አልነበረም። ሌላው ጫፍ ከመሬት ተነሣ።

ሙኒያ ናት። ዓይኗ አብጧል። በር ላይ ሲደርሱ ሸፊ በልማዱ ለእሷ ብሎ ወደ ታችኛው መንገድ ሊታጠፍ ሲል ጣውላው ከኋላው ሳበው።

«በላይ በኩል» አለች።

በላይ በኩል ሄዱ። ቅዳሜ ነው፤ መንገዱ በገበያተኛ ሞልቷል። ወልዱ ጫማ ሰፊው ከሰገነቱ ሥር ሆኖ «ሸፊ፣ ይህን ሁሉ ጣውላ ከየት አመጣኸው?» አለ፤ ነገር ያለበት አጠያየቅ ነው። ሙኒያ ቆመች። አባቷም የግዱን ቆመ።

«የራሱ ነው!» አለች፤ እስከ ታች የሚሰማ ድምፅ ነበር። «ድሮም የራሱ ነበር!»

ሱቁ ደረሱ። ሸፊ ገመዱን ሲፈታ ልጅቷ ሁለት ጣውላ ጎትታ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ፀሐዩ ላይ፣ ጎን ለጎን አነጠፈች። ጫማዋን አወለቀች። ቀሚሷን ሰብስባ በጀርባዋ ተንጋለለችና ዓይኖቿን ጨፈነች። ሁለት ሴቶች ቅርጫታቸውን እንደያዙ ቆመው አዩአት። አልተነሣችም።

ሸፊ ተንበረከከ። በስንዝሩ ከተረከዟ ጀመረ።

«ስንት ሆነ?» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ሰባት። ሁለት እጨምርበታለሁ፤ ገና ታድጊያለሽ።»

«ወርዱስ አባ?»

ከትከሻዋ እስከ ትከሻዋ ለካ፤ ሁለት ስንዝር አልሞላም። እጁን አላነሣም። በግራዋም በቀኟም አልፎ ከጣውላው ወርዶ መሬቱን እየለካ ሄደ።

«አምስት» አላት። «እንደ ልብሽ ትዞሪበታለሽ።»